የዝናብ ሽማግሌዎች

ፍኖተ ሰላም ሐምሌ ከገባ ሰማዩ ወንፊት ነው። ያን ጊዜ የኛ ሰፈር ሴቶች ሥራችን አንድ ብቻ ይሆናል፤ ቡና። አቦሉ ሲቀዳ ዝናቡ ያንዠቀዥቀዋል፣ ቶናው ላይ ይብስበታል፣ በረካው ላይ «እስኪያባራ» ተብሎ ሌላ ይቆላል። ታዲያ ያን ያህል ተቀምጦ ምን ይወራል? ሰው ይታማል እንጂ! ጎረቤቴ እህተ ማርያም ደግሞ ስኒዋን ባነሳች ቁጥር፣ «ንግሥቴ፣ የልጅሽን ነገር ምን አደረግሽው?» ትለኛለች። በረካው ላይ ትደግመዋለች።

ልጄ ሕሊና ናት። መድኃኒት ቤት ትሠራለች፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ሞልቷታል። አባቷ ካረፈ ወዲህ ማርያምን የለመንኳት አንድ ነገር ነው፤ ለልጄ ሽማግሌ ሲመጣ ሳላይ እንዳትገድለኝ።

አንድ ቀን ጠዋት ብቻዬን ቡናዬን አፍልቼ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበው፣ ቀና ብል ሦስት ሽማግሌዎች በረንዳዬ ላይ ቆመዋል። ጋቢ ለብሰዋል፣ ከዘራ ይዘዋል፣ ጺማቸው ነጭ። ብድግ አልኩ።

«አባቶቼ፣ ግቡ እንጂ!» አልኩ።

«አይ፣ እዚሁ ይሻለናል፣ እቴ» አሉ ትልቅየው።

«አፈር ስሆን፣ ቁጭ በሉ!»

«አንቀመጥም።»

አንቀመጥም! ጎጃም ውስጥ ልጅ ሊጠይቅ የመጣ ሽማግሌ ጉዳዩን ሳይጨርስ እንደማይቀመጥ የማያውቅ ማን አለ? ቢሆንም ላረጋግጥ ብዬ ቡና ቀድቼ ይዤ ወጣሁ። ሦስቱም እጃቸውን ሰበሰቡ። «አንጠጣም፣ እግዜር ይስጥልን።» በቃ! የቀረ ነገር የለም። እልል ልል ምንም አልቀረኝ፤ ግን ጨዋ ነኝና አፌን በነጠላዬ ያዝኩ።

«ታዲያ ምን እግር ጣላችሁ?» አልኩ፣ የማላውቅ መስዬ።

ትልቅየው ሰማዩን አዩና፣ «ዝናቡ ነዋ! ጥቂት ቆመን እንሄዳለን» አሉ።

እንዴት ያሉ አዋቂ ናቸው አልኩ በሆዴ። የኛ ሰው እዚሁ አጠገባችን ጅጋ ለመድረስ በጢስ ዓባይ የሚዞር ነው፤ ነገር በዝናብ ቢጀምር ምን ይገርማል? እኔም ወጉን አላጎደልኩም። ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ «ነገሩ ገብቶኛል፣ አባቶቼ። እኔ ብቻዬን የምወስነው አይደለም። ከዘመድ መክረን እንነግራችኋለን፤ የዛሬ ሁለት ሳምንት ተመለሱ» አልኩ።

ሦስቱ ተያዩ። «እንግዲህ... ካሉ፣ እሺ» አሉ ትልቅየው። ዝናቡም ትንሽ ረገብ ሲል ወረዱ።

እህተ ማርያም በመስኮቷ ስታይ ነበር። ከሰዓት ቡና ላይ ሰፈሩ ሁሉ ሰማ፤ እኔም አልደበቅኩ፣ ለምን እደብቃለሁ? ማታ ሕሊና ስትገባ ነገርኳት።

«የማን ሽማግሌዎች ናቸው?» አለች።

ክው አልኩ። ለካ የማን ልጅ እንደሆነ አልጠየቅኩም!

«ጨዋዎች ናቸው» አልኩ።

«እማዬ፣ እኔኮ...»

«ዝም በይ! ሴት ልጅ መጀመሪያ መደንገጧ ያለ ነው።» ክፍሏን ዘግታ ገባች። ዓይን አፋርነት መሰለኝ። እንዲህ ያልኩ አፌ በተቆረጠ!

በሁለተኛው ሳምንት ቤቴን ወለወልኩ፣ ወንድሜን ከማንኩሳ አስመጣሁ፣ ቡናውን ለቅሜ ጠበቅኩ። ዝናብ ብቻ መጣ። ወንድሜ በልቶ ጠጥቶ ተመለሰ።

በሦስተኛው ቀን ማዳበሪያ በሚታደልበት መጋዘን በኩል ሳልፍ፣ እኒያ ትልቅየው ሰልፍ ላይ ቆመዋል። ደሜ ፈላ።

«አባቴ፣ ሰው በሽበቱ ቀጠሮ ያፈርሳል?» አልኳቸው፣ ሰው ሁሉ እየሰማ።

አዩኝ አዩኝና፣ «እርስዎ ባለበረንዳዋ ነዎት?» አሉ። «ኧረ እቴ፣ እኛ ዝናብ ያስጠጋን ሰዎች ነን! የዚያን ቀንም ማዳበሪያ ልንወስድ መጥተን ነው።»

«አንቀመጥም ያላችሁትሳ?»

«እግራችን እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነበር። ምንጣፍዎን እናበላሽ?»

«ቡናውስ?»

ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፣ እኔን እንዳያሳፍሩ። «ረቡዕ ነበራ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እንጾማለን።»

ረቡዕ! እኔ ቡናዬን አስቀድሜ ጾሙን ረስቼዋለሁ።

«ታዲያ መክረን እንነግራችኋለን ስል እሺ ያላችሁኝ ምን መስሏችሁ ነው?»

«የከተማ ነገር መስሎን ነዋ» አሉ፣ ከልባቸው። «በረንዳ ላይ ለመቆምም ዘመድ ይመከራል ማለት ነው ብለን እየተገረምን ሄድን።»

ሰልፉ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ቤት ገብቼ ለሕሊና ነገርኳት። መጀመሪያ ሳቀች። ሳቋ ወደ ልቅሶ ሲዞር ግን ስኒዬን አስቀምጬ አጠገቧ ተቀመጥኩ።

ለካ ልጄ ሰው ነበራት። ወንዳወቅ ይባላል፣ ቡሬ የከብት ሐኪም ነው። የሱ ሽማግሌዎች፣ እነዚያ ባለማዳበሪያዎች በረንዳዬ ላይ በቆሙ በአራተኛው ቀን፣ እሑድ፣ ከቡሬ መጥተው ነበር። ዝናቡ ሲያይልባቸው የኛን ቤት ሊጠይቁ ጎረቤት ገቡ። የማንን ቤት? የእህተ ማርያምን! እሷም «አይ፣ ተቀድማችኋል፣ ሽማግሌ ገብቶላታል» ብላ ቡና አጠጥታ ሸኘቻቸው። በሽማግሌ ላይ ሽማግሌ አይላክም፤ የወንዳወቅ አባት አዝነው «በቃ፣ ተወው» አሉት። ወንዳወቅም ስልኳን ማንሳት ተወ።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት።

«ዝም በይ አልሽኝ እኮ» አለች። ቁጣ እንኳ አልነበረባትም፤ እሱ ነው ያቃጠለኝ።

በማግስቱ ጃንጥላዬን ይዤ ቡሬ ወረድኩ። የልጅቱ እናት የወንዱ ቤት ደጃፍ ቆማ ስትለምን የት ታይቶ ያውቃል? እኔ ቆምኩ። የወንዳወቅ አባት አቶ ሀብተሚካኤል ራሳቸው ወጡ።

«ይግቡ፣ ይቀመጡ» አሉኝ።

«አልቀመጥም።»

ሚስታቸው ቡና ይዛ መጣች። ሽታው አንጀቴን በላው።

«አልጠጣም» አልኩ።

በረንዳውን፣ ጭቃውን፣ ረቡዑን፣ ሁሉንም ነገርኳቸው። እህተ ማርያምን አልወቀስኩም፤ ያወራሁት እኔ ነኝ። «ልጄ ጥፋት የለባትም፣ ያጠፋሁ እኔ ነኝ» አልኩና እንባዬ ቀደመኝ።

አቶ ሀብተሚካኤል ጺማቸውን ዳበስ ዳበስ አደረጉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ነገሩ ገብቶናል» አሉ። «እኔ ብቻዬን የምወስነው አይደለም። ከዘመድ መክረን እንነግርዎታለን፤ የዛሬ ሁለት ሳምንት ይመለሱ።»

ይኸኔ ዝናቡ ዶፉን አወረደው። «እስኪያባራ እንኳ ይግቡ» አለችኝ ሚስትየዋ።

ጉዳዬ ሳያልቅ እንዴት እገባለሁ? እዚያው በረንዳው ላይ ቆምኩ። ቆርቆሯቸው አጭር ነው፤ ግማሽ ጎኔ ራሰ።