ዳልቻ አትራገጥም

«እህል ቀምሰሻል?» አለች ዓለሚቱ፣ የንፍሮውን ሰሃን ወደ ብርቱካን እያስጠጋች።

«አባቴ ይ...»

ቀሪው ቃል ብርቱካን ጥርስ ላይ ቆመ። ከሦስት ቀን በፊት ቢሆን ኖሮ «አባቴ ይሙት፣ ጠግቤያለሁ» ብላ ሰሃኑን ትገፋው ነበር። አልቀመሰችም፤ ግን እንዲያ ትል ነበር።

አክስቷ ዓለሚቱ ልቅሶ የተናነቃት መስሏት ጎትታ አቀፈቻት። «አልቅሺ፣ የወንድሜ ልጅ። ይውጣልሽ።»

ብርቱካን አላለቀሰችም። አባቷ ከትናንት ወዲያ አርፈው ትናንት ከተቀበሩ ጀምሮ አንዲት እንባ አልወጣትም፤ ድንኳኑ ውስጥ የተቀመጡት ሴቶችም ይህንኑ አይተው መንሾካሾክ ጀምረዋል። «ደንግጣ ነው» ይላሉ አንዳንዶቹ። ሌሎቹ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ይስባሉ። ምክንያቱን የምታውቀው እሷ ብቻ ናት። አባቷን የገደላቸው የገዛ ምላሷ ይመስላታል።

ከደብረ ታቦር ወደ ጋፋት በሚወስደው የእግር መንገድ ዳር፣ የእነሱ ግቢ ባለበት ሰፈር፣ ሰው ሳይምል ወሬ አይጨርስም። ጎመን የምትሸጠው «ማርያምን ዛሬ የተቀነጠሰ ነው» ትላለች። የዘገየ «ሚካኤልን መንገድ ላይ ነኝ» ይላል፣ ገና ጫማውን ሳያደርግ። ልጅ በአባቱ ሞት ይምላል፤ አባትም አይቀየምም፣ የሚማልበት የተወደደ ሰው ነውና። ብርቱካንም እናቷ ከሞተች ወዲህ አብራቸው ከምትኖረው ከአባቷ በላይ የምትወደው ስላልነበራት፣ በቀን አሥር ጊዜ በሞታቸው ትምል ነበር።

አባቷ አያ ሙላቴ ራሳቸው ግን ምለው አያውቁም። ሳምንቱን ያርሳሉ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ከብት ገበያ ቆመው ሻጭና ገዢ ያገናኛሉ። የሚምል ሰው ሲሰሙ ፊታቸውን እንደ ጎምዛዛ ነገር ያኮማትሩና «ወንጌሉ አዎናችሁ አዎን ይሁን ነው የሚለው» ይላሉ። አንድ ጊዜ ብርቱካን «አባባ፣ እሱ ለቤተ ክርስቲያን ነው፤ ገበያ ላይ ማን ይሰማዋል?» ብትላቸው ሳቁ። «ወንጌል የሚነበብልን እሁድ ነው፤ የሚያስፈልገን ግን ቅዳሜ ነው» አሏት።

ከሰዓት በኋላ ከብት ነጋዴው ከማል መጣ። ከወንዶቹ ጋር አግዳሚው ላይ ተቀመጠ፣ ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ አደረገ።

«አላህ ያጽናችሁ» አለ። «ከሙላቴ ጋር ሃያ ዓመት ሠርቻለሁ። የመጀመሪያው ቀን አንድ በሬ ይዞ ቆሟል። ‹ያርሳል?› አልሁት። ‹አዎ› አለኝ። ‹በሚካኤል በልልኝ› አልሁት።»

«አንተን ደግሞ በሚካኤል ምን አገባህ?» አለ ከጎኑ የተቀመጠ ሽማግሌ።

«የሚምለው እሱ አይደለም እንዴ? ታዲያ ‹አልምልም› አለኝ። ‹በምን ልመንህ ታዲያ?› ስለው፣ ‹እኔን ተወኝ፤ በሬውን ጥመደውና እየው› ብሎ ፊቱን አዞረብኝ። ተናድጄ ገበያውን ዞርሁት። ሰባት ሰው ማለልኝ፤ ሰባቱም በሬ አንካሳ ነበር። ማምሻውን እሱው ዘንድ ተመለስሁ።»

ድንኳኑ ውስጥ ሳቅ ተሰማ፤ የለቅሶ ቤት ሳቅ፣ ብቅ ብሎ የሚመለስ።

«ከዚያ ወዲህ አዎ ካለኝ እገዛለሁ፤ አይ ካለኝ እሄዳለሁ። አንድ ቀን አልተቆጨሁም።» ከማል ዓይኑን ጠረገና ወደ ብርቱካን ዞረ። «ልጁም እሱው ናት። እሱን የመሰለች።»

ብርቱካን አንገቷን ደፋች። ከሴቶቹ መካከል ጥጉን ይዛ የተቀመጠችው ውዴም አንገቷን ስትደፋ አየቻት። የውዴን ዓይን ማየት አልቻለችም፤ ተነስታ ወደ ጓሮ ወጣች።

ነገሩ የሆነው ከሁለት ወር በፊት ነው። አያ ሙላቴ በግ ለማየት እብናት ሄደው ሰነበቱ። ቤት ውስጥ ዳልቻ የምትባል ላም ነበረች፤ ያን ዓመት የመጀመሪያ ጥጃዋን የወለደች። ስትታለብ ትራገጣለች። ማለቢያውን ሦስት ጊዜ ደፍታባት፣ ብርቱካን ላሚቱን ማየት እስኪያስጠላት ድረስ ተማርራ ነበር። አባቷ «ገና ልጅ ናት፣ ቀስ ብላ ትለምዳለች» ይሏታል። ልክ እሳቸው በሌሉበት ሳምንት ውዴ መጣች። ውዴ ከቤተ ክርስቲያኑ ማዶ የምትኖር ባሏ የሞተባት ሴት ናት፤ እናቷ የሞተችባትን ሕፃን የልጅ ልጇን ታሳድጋለች። ለሕፃኗ ወተት የምትሰጥ ላም ትፈልግ ነበር።

«ትራገጣለች እንዴ ልጄ?» ብላ ጠየቀቻት። «እኔ ጉልበቴ ደህና አይደለም፤ ሮጬ አላመልጣት።»

«አባቴ ይሙት፣ አትራገጥም» አለች ብርቱካን።

ውዴ ሌላ ጥያቄ አልጠየቀችም። የአያ ሙላቴ ልጅ ናት ያለቻት።

አያ ሙላቴ ሲመለሱ ጋጣው ውስጥ ክፍት ቦታ አዩ። ብርቱካን ላሚቱን ለውዴ እንደሸጠች ነገረቻቸው፤ መሐላውን ግን አልነገረቻቸውም። ከሳምንት በኋላ ጎህ ሲቀድ እየተነሱ መውጣት ጀመሩ። ኪዳን ሊያደርሱ መሰላት። አንድ ጠዋት ሱሪያቸው ላይ ገለባ አይታ «የት ነበሩ አባባ?» ብላ ጠየቀቻቸው።

«ዳዊቴን ስደግም» አሉ።

ከመሞታቸው ከአራት ቀን በፊት ደግሞ ደጃፍ ተቀምጠው፣ እሷ ስንዴ ስትለቅም፣ እንደ ዘበት ጠየቋት። «የውዴ ላም እንዴት ናት ትያለሽ?»

«አባቴ ይሙት፣ ደህና ናት።»

ቆይተው አዩዋት። የሆነ ነገር የሚጠብቁ ይመስሉ ነበር። ከዚያ «አዎ፣ ደህና እየሆነች ነው» አሉና ወደ ዳዊታቸው ተመለሱ። በአራተኛው ቀን ጠዋት ከወጡበት ተመልሰው «ደከመኝ» ብለው ጋደም አሉ። ባጃጅ ተጠርቶ ሐኪም ቤት ሳይደርሱ አረፉ።

አባቴ ይሙት አለች። ሞቱ።

ጓሮ ውስጥ፣ የድስት ማጠቢያው አጠገብ፣ ውዴ ተከትላት መጣች። ትንሽ ታነክሳለች። አንድ ድስት አንስታ በአመድ ማሸት ጀመረች።

«እትዬ ውዴ፣ ይተዉት። ትናንትም ሲያጥቡ ዋሉ።»

«ለአያ ሙላቴ ድስት ማጠብ ምን አላት?»

ብርቱካን የሴትዮዋን እግር አየች። ከቁርጭምጭሚቷ በላይ የበለዘ ነገር አለ።

«ላሚቱ ናት?»

«ዛሬ ጠዋት ነው። አንድ ጊዜ ብቻ ነው።»

ብርቱካን መሬቱን እያየች ተናገረች። «ያን ቀን ዋሽቼ ነው የማልሁ፣ እትዬ። እንደምትራገጥ አውቅ ነበር። በአባቴ ሞት ዋሽቼ ማልሁ፣ ይኸው ገደልኋቸው።»

ውዴ ድስቱን አስቀመጠች። አመድ የነካ እጇን በቀሚሷ ጠረገች።

«መሐላ ሰው የሚገድል ቢሆን፣ ልጄ፣ ደብረ ታቦር ላይ አንድ አባት ባልቀረ።»

«አይቀልዱብኝ።»

«አልቀለድሁም። ሐኪሙ ልባቸው እንደታመመ ከነገራቸው ዓመት አልፏል። ዓለሚቱ ታውቃለች፣ ጠይቂያት። አንቺ እንዳትሰጊ ብለው ነው ያልነገሩሽ።» ውዴ ድንጋዩ ላይ ቁጭ አለች። «ላሚቱ መጀመሪያ በረገጠችኝ በሳምንቱ ከቤተ ክርስቲያን ስወጣ አገኘኋቸውና አጫወትኋቸው።»

ብርቱካን ዓይኗን ከመሬቱ አነሳች። «መሐላውንም?»

«እሱንም። ‹አትራገጥም አለችሽ?› አሉኝ። ‹አዎ፣ በሞትዎ ምላ› አልኋቸው። ቆመው ብዙ አሰቡ። ‹ላሚቱን ልመልስልሽ› አሉኝ። ሕፃኗ ወተቱን ለምዳዋለች፣ አልሰጥም አልሁ። ‹እንግዲያውስ እንዳትራገጥ እናድርጋት› አሉ።»

«እንዴት?»

«ጠዋት ጠዋት ይመጣሉ። እኔ ሳልብ እሳቸው እጃቸውን ጎኗ ላይ ያሳርፉና ዳዊት ይደግማሉ፣ ቀስ ብለው። እግሯን ስታነሳ አይመቷትም፤ ይጠብቋታል። ስታወርደው ይቀጥላሉ። መጀመሪያ ሰሞን እሳቸውንም ረግጣቸዋለች። በወሩ ግን ድምፃቸውን ስትሰማ ጆሮዋን ዘንበል አድርጋ ትቆም ጀመር። ‹ይቅርብዎ፣ ልብዎን አይጎዳም ወይ› ስላቸው፣ ‹ሐኪሙ ተራመድ ብሎኛል› እያሉ ይስቃሉ።»

«ምነው እኔን ሳይቆጡኝ ቀሩ?»

«እኔም ብያቸው ነበር። ‹በመሐላ ስቆጣት ነው ያደገችው፤ ቁጣ አላስተዋትም› አሉኝ። ‹መጀመሪያ ቃሏን እውነት እናድርገው። እሷ ራሷ መጥታ ትነግረኛለች› አሉ።» ውዴ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ይጠብቁሽ ነበር።»

ብርቱካን ደጃፍ ላይ ስንዴ የለቀመችበትን ቀን አስታወሰች። የጠየቋትን፣ ቆይተው ያዩዋትን። ልትናገረው ትችል ነበር። አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር።

«ላሚቱ ድምፃቸውን ካጣች ሁለት ቀን ሆናት» አለች ውዴ፣ ለመነሳት ጉልበቷን እየደገፈች። «ስትታለብ ወደ በሩ ታያለች። እኔ ዳዊት አላውቅ። ለዚያ ነው ዛሬ የረገጠችኝ፣ በክፋት አይደለም።»

በሦስተኛው ቀን፣ የሰልስቱ ዕለት፣ ሰማዩ ገና ግራጫ ሳለ ብርቱካን ነጠላዋን ለብሳ ወደ በሩ ሄደች። ዓለሚቱ ከተኛችበት ቀና አለች።

«ወዴት ነው? ሐዘንተኛ ብቻዋን ከቤት ትወጣለች እንዴ? ቅዳሴው ገና ነው።»

«እትዬ ውዴ ዘንድ። ላም ልይዝላቸው።»

«ላም?» ዓለሚቱ ተነስታ ተቀመጠች። «ዛሬ? እስኪ ማርያምን በይ።»

«ላም ልይዝላቸው ነው፣ አክስቴ። ከዚያ ቤተ ክርስቲያን እንገናኛለን።»

«ትመጫለሽ?»

ብርቱካን አፏ የለመደውን ቃል ፈለገ። ዋጠችው።

«አዎ።»

ዓለሚቱ የሚቀጥለውን ጠበቀች። ሳይመጣ ሲቀር የብርቱካንን ፊት አተኩራ አየችና «እንግዲያው ጋቢውን ደርቢ፣ ይበርዳል» አለች።

የአባቷ ጋቢ ነበር። የእሳቸውን መንገድ ይዛ በጤዛው መካከል ሄደች። ውዴ ላሚቱን አውጥታ፣ ጥጃውን አስጠብታ፣ ማለቢያውን ይዛ ቁጭ ብላ ነበር። ብርቱካንን ስታይ በአገጯ የላሚቱን ግራ ጎን አሳየቻት።

ብርቱካን እጇን ጎኗ ላይ አሳረፈች። ዳልቻ ቆዳዋን አንቀጠቀጠች። ወተቱ ማለቢያውን ሲመታ የኋላ እግሯን አነሳች፤ ውዴም ወደ ኋላ ሸሸች።

ብርቱካን አልመታቻትም። ዳዊት በቃሏ አታውቅም። የምታውቀው ልጅ ሆና በአባቷ ጉልበት ላይ ሳለች ከሰማችው የመጀመሪያ መስመር፣ ምስጉን ሰው ማለት የሆኑ ሁለት የግዕዝ ቃላት ብቻ ነበር።

«ብፁዕ ብእሲ» አለች።

እግሩ አየር ላይ ቆየ። ዳልቻ አንድ ጆሮዋን ወደ ጋቢው ዘንበል አደረገች።

«ብፁዕ ብእሲ» አለች ብርቱካን እንደገና። በሦስተኛው ድምጿ ተሰበረ፤ ሦስት ቀን ያልመጣው እንባ በጉንጯ ወርዶ ጋቢው ላይ ጠብ አለ። እሷም ቃሉን አላቋረጠችም። ላሚቱ እግሯን ቀስ ብላ መሬት አስነካች።

ውዴ አልባ ጨረሰች። የሞላውን ማለቢያ ይዛ ተነሳች።

«አትራገጥም» አለች።

«አዎ» አለች ብርቱካን።

የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ተሰማ። ውዴ ወተቱን ለሕፃኗ ልታስገባ ሄደች፤ ጥጃው መጥቶ ከእናቱ ሥር ገባ። ብርቱካን እጇን አላነሳችም።