ማንያውቃል ለተባለው ሰው

ቦንጋ የተቀረጸው ፊልም ለእይታ ሲበቃ የዳይሬክተሩ የነቢዩ ስም አልነበረበትም። እሱ ቆርጦ የጣለውን የገበያ ትዕይንት ፕሮዲውሰሩ መልሶ ስላስገባበት ተናዶ፣ በስሙ ፋንታ «ማንያውቃል» አስጽፎ ነበር።

ፊልሙ ቦንጋ ታይቶ ሲያልቅ ማር ነጋዴዋ እትዬ አበዛሽ፣ ካሜራ አንሺ መስሏቸው፣ ወደ ነቢዩ መጡ።

«ነፍሱን ይማረውና ባለቤቴ ገበያ መሃል ሲስቅ አየሁት። ፎቶው ሁሉ ኮስታራ ነበር። ይሄን ማንያውቃልን ታውቀዋለህ ልጄ?»

«አውቀዋለሁ፣ እትዬ።»

«እንግዲያ አመስግንልኝ። ስሙ ግን የጤና አይደለም።»

ነቢዩ ሳቀ። ወዲያው ለፕሮዲውሰሩ ደውሎ ስለ ትዕይንቱ አመሰገነው፤ ስሙንም እንዲመልስለት ለመነው።

ቀጥሎ ዋጫ ከተማ በታየው ቅጂ ላይ የተለወጠ ትዕይንት የለም፤ የተለወጠው አንድ ስም ብቻ ነው።