ሞረድ የነካው ቀለበት

ይህ ወሬ ከጫፍ እስከ ጫፍ እውነት ነው፤ አንዲት ጠብታ ውሸት ከተገኘበት ምላሴን ቆርጣችሁ ለድመት ስጡት።

ሰውዬው ህዋ ላይ የሚገጣጠሙ ግዙፍ ነገሮችን ንድፍ ያወጣል። መሥሪያ ቤቱ በሙሉ «ሞረዱ» ይለዋል፤ ያልገጠመ ነገር ካየ እጁ ወደ ሞረድ ይሮጣላ! ቤቱ ያለውን ወላጋ አልጋ አስተካክላለሁ ብሎ፣ አንዱን እግር ሲሞርድ፣ ሌላውን ሲሞርድ፣ በመጨረሻ ፍራሹ መሬት ላይ አረፈ።

የዕድሜው ሥራ አንድ ቀለበት ነበር፤ ሰው ሊኖርበት ምህዋር ላይ የሚሽከረከር፣ ከፎቅ ቤት የሚረዝም ቀለበት። ቁራጮቹ በሮኬት ተራ በተራ ወጥተው እዚያው ይገጣጠማሉ። ገጣጣሚዋ ታናሽ እህቱ ናት፤ ለዚህች ቀን ብላ ትዳሩንም ልጁንም «ይቆየኝ» ያለች።

ከመላኩ በፊት ትልቅ አዳራሽ ውስጥ አቁመው ሞከሩት። አናቱ ላይ የሚገባው የመጨረሻው ቁራጭ አልገባ አለ። ሞረዱ መሰላል ላይ ወጣና ጫፉን ሞረድ ሞረድ አደረገው። ቀጭ ብሎ ገባ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ።

ምህዋር ላይ ያንኑ ቁራጭ ስታስገባ የእህቱ ድምፅ በሬዲዮ መጣ።

«ወንድም ጋሼ!»

«አቤት የኔ እመቤት፣ ገባልሽ?»

«ገባ እንጂ! ጣቴም አብሮ ይገባል። ክርኔንም ልሞክረው?»

ሞረዱ ነገሩ ወዲያው ገባው። መሬት ላይ ቀለበቱ በገዛ ክብደቱ ጎብጦ አናቱ ጠቦ ነበር። እዚያ ክብደት የለ፣ መጉበጥ የለ፤ ተመልሶ ተከፈተ። የተሞረደ ብረት ግን አይመለስም።

«ሞርደኸዋል አይደል?»

«ትንሽ... ትንሽዬ ብቻ።»

«አልጋህ መሰለህ እንዴ!» አለችና ከት ብላ ሳቀች።

ያልተዘጋ ቀለበት ቢሽከረከር ይበጣጠሳል፤ ሌላ ቁራጭ የሚያወጣ ሮኬት ደግሞ አልነበረም። አለቃው «ወደ ምድር ይለቀቅ» አለ። ቀለበቱን የያዘውን ማሰሪያ እህቱ በገዛ እጇ ፈታችው።

ቀለበቱ ወደ ምድር ሲወድቅ አየር ላይ ተቀጣጠለ። ጎረቤቱ ሁሉ «ተወርዋሪ ኮከብ!» እያለ ደጅ ወጣ። ሞረዱም መሀላቸው ቆሞ ነበር፤ ቀና ብሎ ግን አላየም። እህቱ በሰላም ወርዳለች፤ እሱ ቤት ግን እስከ ዛሬ ድርሽ አላለችም።

ሁሉም እውነት ነው ብዬ የለም? ነው። አንዲቷን ብቻ እኔ ጨመርኳት፤ እህቱ አልሳቀችም። ሬዲዮውን ዘጋችው።