በገበሩ ውስጥ የተሰፋው ሜዳይ

የኮቱ ገበር በቀይ ክር መሰፋቱ ሐዋን ትዝ ያላት አባቷ በሞተ በሦስተኛው ቀን፣ ለለቅሶተኛ ውሃ ስታቀርብ ነው። አባቷ ዘይኑልአቢዲን የባህር ኃይል መኮንን ነበር፤ በጥቁር ኮት ላይ ቀይ ክር አያውቅም። ዓይኑ ደክሞ፣ ሜዳዩ እንዳይጠፋበት ብሎ፣ ገበሩ ውስጥ ራሱ ሰፍቶት ኖሯል። እሷ ደግሞ ከቀብር መልስ ኮቱን አጣጥፋ፣ እንደ ደንቡ፣ ጀናዛውን ላጠቡት ለሸህ አብዱልባሲጥ ሰደቃ ሰጥታለች።

የዘመቻ ሜዳዩን በሣጥኑም በፍራሹ ሥርም ፈልጋ ያጣችው ለዚህ ነው። የአባቷ ወሲያ፣ የመጨረሻ ኑዛዜው፣ ደግሞ አንድ ብቻ ነበር፤ «ሜዳዩን ለየኔነሽ፣ እጅ በእጅ።»

የኔነሽ፣ የአባቷ የጦር ጓድ እኅት፣ ከኩታበር መጥታ ከሴቶቹ መሃል ተቀምጣለች። ኮምቦልቻ ያሉት ሸህ ስልካቸው አይሠራም።

«ኮቱን ሸጠውት ይሆናል» አለች ሐዋ። «ሜዳዩንም ሕፃናት ቦርከና ወንዝ ጥለውታል።»

«ባትሪ አልቆባቸው ይሆናላ» አለች ጎረቤቷ ሱሀይላ። «አንቺ እኮ ሰማይ ሲያጉረመርም ጎርፍ ወስዶሽ ያድራል።»

ምፅዋ ላይ የጦር ጀልባቸው ሲነድ፣ የየኔነሽ ወንድም ደምመላሽ የሐዋን አባት ጎትቶ አወጣው፤ ሌሎቹን ሊያወጣ ተመልሶ ጠለቀና በዚያው ቀረ። «የሱን ሜዳይ እኔ ደረት ላይ ለጠፉት» ይል ነበር አባቷ። በየዓመቱ ያን ኮት ለብሶ፣ ሜዳዩን ይዞ ኩታበር ይሄዳል፤ ማታ ይዞት ይመለሳል።

ከዐስር ሶላት በኋላ ሸህ አብዱልባሲጥ ለተእዚያ፣ ሊያስተዛዝኑ፣ መጡ፤ ኮቱን ለብሰውታል። ሐዋ ተነሥታ አጠገባቸው ቆመች። የሰጡትን ሰደቃ መልሶ መጠየቅ ነውር ነው።

«ሸህ፣ ኮቱስ የእርስዎ ነው» አለች አንገቷን ደፍታ። «ገበሩ ውስጥ ግን የሰው አማና አለ፤ አደራ የተባልኩት ሜዳይ።»

ደረታቸውን ዳበሱ። «እኔ ደግሞ የሚከብደኝ እርጅናው መስሎኛል፤ ወላሂ።» ክሩን በምላጭ ፈትተው ሜዳዩን ሰጧት።

ሐዋ ወዲያው ለየኔነሽ አቀረበችላት፤ የኔነሽ ግን እጇን አልዘረጋችም።

«እትዬ፣ አባቴ ለምንድነው ሁልጊዜ ይዞት የሚመለሰው?» አለቻት ሐዋ።

«አልቀበልም እያልኩት ነዋ፣ ልጄ። ብቀበለው በዓመቱ ማን ይመጣልኛል? እሱም ያውቃል። ደጅ ላይ ቆሞ ‹ዘንድሮም እንቢ?› ይለኛል። ‹ዘንድሮም› እለዋለሁ። ከዚያ ምሳ እንበላለን።»

ከዚያ ሜዳዩን ተቀበለች፤ በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችው።

ሲመሽ ለቅሶተኛው ተበተነ፤ የኔነሽ ብቻ አደረች። በሩን ሁልጊዜ የሚቆልፈው የሐዋ አባት ስለነበር፣ ሦስቱን ቀን ማንም አልቆለፈውም። ሐዋ ቁልፉን ይዛ ወደ ደጅ እያየች ቆመች።

«ቆልፊው፣ ልጄ» አለች የኔነሽ ከመደቡ ላይ። «የሚመጣ የለም።»

ሐዋ ትንሽ ጠበቀች። ከዚያ ቆለፈችው።