ቀዩን አረንጓዴ አድርግልኝ

ሲስተር ስትደውል ቁጡዋ ገና ጃኬቷን አላወለቀችም ነበር። «የእናንተ ፕሮግራም ሁለት ሰው አንድ ማሽን ላይ ቀጥሮብኛል!» ብላ ጮኸችባት። ሲስተር የኩላሊት እጥበት ክፍሉ ኃላፊ ናት፤ ያለ ምክንያት አትጮህም። አንዱ ታካሚ ቀድሞ ማሽኑ ላይ ተኝቷል። ሁለተኛዋ፣ ጡረታ የወጡ መምህርት፣ ኮሪደር ላይ ቁጭ ብለዋል። ዛሬ ካልታጠቡ ሳንባቸው ውሃ ሊቋጥር ይችላል።

«ቁጡዋ» ታላቅ ወንድሟ ያወጣላት ስም ነው፤ በዚህስ አልተሳሳተም። ሁለቱ አንድ ክፍል ተከራይተው ሶፍትዌር ይሠራሉ፤ እሷ ኮዱን ትጽፋለች፣ እሱ ደንበኛ ያነጋግራል። ኮድ የሚጽፍ የኤአይ ረዳት ካስገቡ ወዲህ ግን ወንድምዬው «እኔም ፕሮግራመር ሆኛለሁ» ማለት ጀምሯል። ይበለው! አንድ ሕግ ግን ነበራቸው፦ አንዱ የሠራውን ሌላው ሳያነበው ለደንበኛ አይለቀቅም።

ኮምፒውተሩን ከፈተች። ትናንት እሷ ጥርሷን ልትታከም በሄደችበት አዲስ ሥራ ሳታነበው ለክሊኒኩ ተለቋል። በአንድ ማሽን በአንድ ሰዓት ከአንድ ሰው በላይ እንዳይያዝ የሚጠብቀው፣ በገዛ እጇ የጻፈችው ፍተሻ ጠፍቷል። ደሟ ፈላ።

«አንተ! ይሄን ማን አጠፋው?»

«ረዳቱ ነዋ።»

«ማን አዞት?»

«ያንቺ ፍተሻ ‹አይሆንም› እያለ ስክሪኑን ቀይ በቀይ አደረገብኛ! የክሊኒኩ ባለቤት አዲሱን ቀጠሮ ማዛወሪያ ዛሬ ካላሳያችሁኝ ብሎ ጨቀጨቀኝ። ረዳቱን ‹ቀዩን አረንጓዴ አድርግልኝ› አልኩት፣ አደረገልኝ።»

«ሳይጠይቅህ?»

«ኧረ ጠይቆኛል። ይሄ ከጠፋ ሁለት ሰው አንድ ላይ ሊያዝ ይችላል፣ ላጥፋው ወይ ምናምን አለኝ። እሺ አልኩታ! በቀን መቶ ነገር ነው የሚጠይቀኝ፤ ሁሉንም ላንብብለት እንዴ?»

አይ ሰው! ዓይኑን በጨው አጥቦ እንዲህ ይላል! ረዳቱ እንኳ ፈርቶ ጠይቆታል፣ እሱ እቴ!

«አንብብ እንጂ!» ጠረጴዛውን ደበደበችው። «ሌላ ምን ሥራ ቀረልህ? መጻፉን ወሰደልህ፤ ማንበቡ ከበደህ?»

እየተሳደበች የቀድሞውን ፕሮግራም መለሰች፤ የዛሬውን ቀጠሮ ከሲስተር ጋር በስልክ አንድ በአንድ አስተካከለች። ዞር ስትል ወንድምዬው ረዳቱን የይቅርታ ደብዳቤ እያስጻፈው ነው። «ባጋጠመን የሲስተም ብልሽት ምክንያት» ይላል። ላፕቶፑን ጣቱ ላይ ልትዘጋበት ምንም አልቀራት።

«የምን ሲስተም ነው? ተነስ! ሄደህ በአፍህ ትናገራለህ።»

ክሊኒኩ ሲደርሱ ሲስተር ሰላምታም አልሰጠቻቸው። «በመስኮቱ በኩል ያለው ማሽን ከሰዓት ይለቀቃል፤ ያኔ አስገባቸዋለሁ። እስከዚያ አንድ ነገር ቢሆኑ ግን እናንተን አያድርገኝ» ብላ ወደ ክፍሏ ገባች።

መምህርቷ አግዳሚ ወንበር ላይ ጫማቸውን አውልቀው ተቀምጠዋል፤ እግራቸው አብጦ ጫማው እምቢ ብሏቸዋል። ወንድምዬው ጎንበስ አለ።

«እናቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልን፣ ሲስተሙ...»

ቁጡዋ በክርኗ ጎሸም አደረገችው።

«እ... እኔ ነኝ። ሳላነብ እሺ ብዬ ነው።»

«ሳያነብ የሚመልስ ተማሪ ስንቱን አይቻለሁ» አሉ መምህርቷ፤ ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ ይላል። «ማመንህ ግን ጥሩ ነው።»

ይሄኔ ቀለል አለውና ሮጦ ወጣ። ቀዝቃዛ የታሸገ ውሃ ገዝቶ ተመለሰ፤ ክዳኑን ከፍቶ በሁለት እጁ አቀረበላቸው።

«ደክሞዎታል፣ እባክዎ ይጠጡ።»

መምህርቷ ጠርሙሱን አዩት። ላቡ ወደ ታች እስኪወርድ ድረስ አዩት። የደረቀ ከንፈራቸውን በምላሳቸው አረጠቡ።

«ለዛሬ በልክ የተፈቀደልኝን ውሃ ጠዋት ጨርሻለሁ፣ ልጄ። ያለብኝን ውሃ ማሽኑ ሳያወጣልኝ አንዲት ጉንጭ አልጨምርም።» ዓይናቸውን ከጠርሙሱ በግድ አነሱት። «ለእኛ ስትሠራ ይሄን እንኳ አልጠየቅህም?»

«ከፊታቸው አንሳው!» አለች ቁጡዋ ጥርሷን ነክሳ። ወንድምዬው ግን የተከፈተውን ጠርሙስ ይዞ የሚገባበት ጠፋው።