የኋለኛዋ ማኪና

ረውዳን ሱቅ ውስጥ የቆለፈባት ጠላት አይደለም፤ የገዛ አባቷ ናቸው። እሳቸውም ቢሆኑ አውቀው አይደለም። አርብና ሥላሴ ገጥመውባቸው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፒያሳ ላይ የአባቷ የጋሽ ዐብዱልከሪም ጨርቅ ሱቅና የእትዬ ሸዋአየሁ ክርና መርፌ ሱቅ ግድግዳ ለግድግዳ ናቸው። አርብ አርብ ጋሽ ዐብዱልከሪም ለጁምዓ ሲሄዱ ሱቁን ዘግተው ቁልፉን ለእትዬ ሸዋአየሁ ይሰጣሉ። የክርስቲያን በዓል ሲሆን ደግሞ የእትዬ ቁልፍ እሳቸው ዘንድ ይውላል። ሃያ ዓመት ሙሉ እንዲህ ኖረዋል። እትዬ ሸዋአየሁ ደግሞ ቁልፉን ዝም ብለው አይቀበሉም። መጀመሪያ መዝጊያውን ኳ ኳ ያደርጉና፣ «ውስጥ ሰው የለም? ረውዳ ወጣች?» ይላሉ። ከዚያ ነው እጃቸውን የሚዘረጉት።

ሐምሌ ሰባት 2009 ግን አርብም ነበረ፣ ሥላሴም ነበረ። እትዬ ሸዋአየሁ በጠዋት ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ቁልፋቸውን ለጋሽ ዐብዱልከሪም ሰጥተው ወደ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ሄዱ። ስድስት ሰዓት ሲሆን ጋሽ ዐብዱልከሪም ሱቃቸውን ዘጉና ሁለቱንም ቁልፍ ኪሳቸው ከተው ወደ መስጊድ ነጎዱ። «ረውዳ ወጣች?» ብሎ የጠየቀ የለም። እሳቸውም እንደ ወትሮው አርብ ምሳ ልታግዝ ወደ ቤት የሄደች መስሏቸዋል።

ረውዳ የት ነበረች? ቆጥ ላይ። ጣቃዎቹ መሀል በሆዷ ተኝታ፣ የጨርቅ ካርቶን ገልብጣ ስለ ማኪና ክንፍ ስትጽፍ። የብረቱ መዝጊያ ሲወርድ ሰምታለች፤ ግን ዝናቡም አብሮ ወረደና ነጎድጓድ መሰላት። ቀና ስትል ሱቁ ጨለማ ነው። መብራት ከጠዋት ጀምሮ ጠፍቷል።

«አባባ!» አለች። ወርዳ መዝጊያውን በጡጫ ደበደበችው። የሐምሌ ዝናብ ቆርቆሮውን እየቀጠቀጠው የሷን ጡጫ ማን ይሰማላታል?

አሁን እዚህ ላይ የክንፉን ነገር ካላወቃችሁ የተቆለፈባት ልጅ ብቻ ትመስላችኋለች።

ረውዳ አስራ ሁለተኛን ተፈትና ውጤት እየጠበቀች ነው። ውጤት መጠበቅን የጠበቀ ያውቀዋል። ተማሪ አይደለሽ፣ ሠራተኛ አይደለሽ። ጠዋት ሱቅ፣ ማታ ቤት። «ሜትሩን አቀብይ»፣ «ያንን ጣቃ አውርጂ»፣ «ምነው ፊትሽን አጠቆርሽ፣ ደንበኛ እንዳታባርሪ»። ስልክ እንኳ የላትም፤ «ውጤት ሲመጣ» ተብላለች። የሷ የምትላት አንዲት ነገር እሁድ ከሰዓት ናት። ዲሹን ንፋስ ካላዞረው፣ በዐረብ ጣቢያ ፎርሙላ ዋን ታያለች፤ እነዚያን ጎማቸው ከውጪ የተራቆተ፣ እንደ ተርብ የሚጮሁ የውድድር ማኪኖች። በዚያ ዓመት ክንፋቸውን ቀየሩት። የፊቱም የኋላውም ሰፋ፣ የኋላው ዝቅ አለ፣ ጎማው ወፈረ። ታላቅ ወንድሟ ኢምራን «ውይ ሲያምሩ!» ሲል ረውዳ ሻይዋን እንደያዘች፣ «ያምራሉ። ግን አይተላለፉም» አለች።

ይቺኑ ቃል ኢምራን በዚያው ሳምንት አርብ በከተማው ኤፍ ኤም ስፖርት ሰዓት ደውሎ ተናገራት። አዘጋጁ አንዱዓለም «ሸጋ ብለሃል!» አለው። ከዚያ ወዲህ አርብ በመጣ ቁጥር ረውዳ ትጽፋለች፣ ኢምራን ይናገራል። ድምፁ እንደሆነ ማር ነው። ፒያሳ ላይ «ኢንጂነሩ» ይሉት ጀመር። እሱም «ኧረ ተዉ» እያለ አልተዋቸውም።

የዚያን ዕለት አርብ ግን ሌላ ነው። ጣቢያው በየሳምንቱ ስለ ማኪና ውድድር የሚያዘጋጅ አንድ ወጣት ሊመርጥ ነው፤ ኢምራንን ስቱዲዮ ድረስ ጠርተውታል። ኢምራን ደግሞ በአላህ ስም ምሎላታል። «እኔ ሹፍርና ልጀምር ነው፣ ሥራውን ምን አደርገዋለሁ? ስምሽን በሬድዮ እጠራለሁ፣ የሷ ነው እላለሁ። ከዚህ ሱቅ ትወጫለሽ።»

ሰባት ተኩል ላይ መዝጊያው ኳ ኳ አለ።

«ረውዳ! እዚህ ነሽ? ወረቀቱስ?»

«ኢምራን! አባባ ቆልፎብኝ ሄደ! ቁልፉን ፈልግ!»

«ቁልፉ የት አለ? እትዬም የሉም። አባባ ከመስጊድ ወጥቶ አዲስ ዓለም ሰፈር ለሕፃን ዓቂቃ ድግስ ሄዷል። ስምንት ሰዓት ልገባ ነው እኮ!»

«እሺ እኔስ?»

ከመዝጊያው ሥር ሁለት ጣት ገባ።

«በዚህ አሳልፊልኝ። ወላሂ ስጨርስ አባባን ይዤው እመጣለሁ።»

ምን ታድርግ? ካርቶኑን ቀድዳ በክፍተቱ ሰደደችው። ጣቱ ነጠቀውና ጠፋ። የእግሩ ኮቴ በውኃው ላይ ቻፕ ቻፕ እያለ ሲርቅ ሰማችው። እንግዲህ ወረቀቱ ወጣ፣ እሷ ቀረች።

በጨለማ ተደናብራ የአባቷን ሬድዮ አገኘች። ድንጋዩ ሊያልቅ ትንሽ የቀረው ቢሆንም ይሰማል። ባንኮኒው ሥር ተቀምጣ ጆሮዋን ለጠፈችበት። ከጣቃዎቹ የሚወጣው የአዲስ ጨርቅ ሽታ አፍንጫዋን ዘግቶታል። አየር የሌለ መሰላት።

ኢምራን ጀመረ። የሷን ቃል፣ የሷን ቀልድ ሳይቀር ቁጭ አደረገው። «ክንፉ ማኪናዋን ሊያበራት አይደለም። የአውሮፕላን ክንፍ ተገልብጦ ነው። አውሮፕላኑን ያነሣዋል፣ ይቺን መሬት ላይ ይጫናታል። ሲጫናት ጎማዋ አስፋልቱን ይነክሳል።»

«ግሩም ነው! እንግዲህ ይህን ሁሉ ከየት አመጣኸው?» አለው አንዱዓለም።

ረውዳ የሬድዮውን ድምፅ ከፍ አደረገች። አሁን። አሁን ይላል።

«እ... እንግዲህ... በማንበብ ነው» አለ ኢምራን።

ረውዳ የሜትሩን እንጨት አነሳችና መልሳ አስቀመጠችው።

«አንድ ያልገባኝ ነገር» አለ አንዱዓለም። «ክንፉ ሲሰፋ አስፋልቱን መንከሷ ከጨመረ፣ የኋለኛዋም ማኪና ክንፍ ሰፍቷል እኮ። እሷስ ምነው ኩርባ ላይ ተጠግታ የፊተኛዋን ማለፍ አቃታት?»

ይሄ ወረቀቱ ላይ የለም። ኢምራን ጉሮሮውን ጠረገ። «ክብደት ነው። ክንፉ ይከብዳታል።»

«የፊተኛዋስ አይከብዳትም?»

«እ... የፊተኛዋ... ለምዳዋለች።»

«አየሩ!» ብላ ጮኸች ረውዳ በሬድዮው ላይ። «አየሩ በለው አንተ ደደብ!» ሬድዮ መቼም መልስ አይሰማ።

ይኼኔ ነው ከባንኮኒው መሳቢያ ጢጥ የሚል ድምፅ የሰማችው። የአባቷ ስልክ! ጋሽ ዐብዱልከሪም መስጊድ ውስጥ እንዳይጮህባቸው አርብ አርብ መሳቢያ ውስጥ ትተውት ነው የሚሄዱት። አወጣችው። ባትሪው አንዲት ሰረዝ ቀርታዋለች፣ እሷም ብልጭ ድርግም ትላለች። ከአንድ ጥሪ በላይ አይችልም።

እናቷ ሐዲጃ ጋ ብትደውል ከተማውን ገልብጣም ቢሆን ታስከፍታታለች። ትወጣለች፣ ምሳ ትበላለች፣ ነገ ተመልሳ ትገባለች። ጣቷ የእናቷ ስም ላይ ቆመ። ሬድዮው ውስጥ አንዱዓለም «እንግዲህ ኢምራን ካልጨመረ በዚሁ...» ሲል ሰማች። በቃሏ የምታውቀውን የጣቢያውን ቁጥር መታች።

«ሄሎ፣ አየር ላይ ነሽ። ማን ልበል?»

«ረውዳ። ረውዳ ዐብዱልከሪም። ከፒያሳ። ክብደት አይደለም።»

«እህ? ምን ይሁን ታዲያ?»

«አየሩ ነው። በዚህ ዝናብ ወደ አምባ ጊዮርጊስ በሚኒባስ ሂዳችሁ ታውቃላችሁ? ከኢሱዙ ኋላ ስትጠጉ መስታወቱን የሚሸፍነው ጉም የሚመስል ውኃ አለ አይደል? ሚኒባሱ ይወዛወዛል። ኢሱዙው አየሩን በጥብጦ ነው የሚተወው። የፊተኛዋ ማኪናም እንደዚያ ናት፤ ንጹሑን አየር በልታ ብጥብጡን ለኋለኛዋ ትተውላታለች። ብጥብጥ አየር ደግሞ ክንፍን አይጫንም። ክንፉ በሰፋ ቁጥር ብጥብጡም ይብሳል።»

«ታዲያ ምን ይደረግ ትያለሽ?»

«የፊት ክንፉ ላይ የደረደሩትን ቅጠል መሳይ ትናንሽ ክንፍ ይቀንሱት፣ ቀለል ይበል። የኋለኛዋ አቅም አጥታ አይደለም እኮ የማታልፈው። ፊቷ ሌላ ሰው ስላለ ነው።»

አንዱዓለም ወደ ማይኩ ሲጠጋ ተሰማ።

«ረውዳ፣ ድምፅሽ ከጉድጓድ የሚመጣ ይመስላል። የት ሆነሽ ነው?»

«ሱቅ ውስጥ ነኝ፣ ተቆልፎብኝ...»

ስልኩ ጢጥ ብሎ ጠፋ።

«ሄሎ? ሄሎ? ተቆልፎብኝ አለች አይደል? ኢምራን፣ ምነው ላብ በላብ ሆንህ?»

ረውዳ ጨለማ ውስጥ ሬድዮውን በሁለት እጇ ይዛዋለች። የኢምራን ድምፅ ሲመጣ ማሩ ሁሉ ተንጠፍጥፎ አልቋል።

«እህቴ ናት» አለ። «እስከ ዛሬ የተናገርሁት ሁሉ የሷ ነው። የኔ ክብደት ያልሁት ብቻ ነው።»

አንዱዓለም ስቆ ሲጨርስ፣ «እንግዲያው ሰኞ ሦስት ሰዓት እሷ ራሷ ትምጣ። ከቀረች ለሌላ እንሰጣለን» አለ። ሬድዮው ተንተፋተፈና ድንጋዩ አለቀ። ዝናቡ ብቻ ቀረ።

ማሩ የሚባል ባጃጅ ነጂ በኋላ እንዳወራው፣ ጋሽ ዐብዱልከሪም ከዓቂቃ ቤት ወጥተው ባጃጁ ውስጥ ነበሩ። «አባ፣ ሬድዮ ሰሙልኝ? የፒያሳ ሰው ልጁን ሱቅ ቆልፎባት ሄደ አሉ!» ብሎ እየሳቀ ዞር ሲል፣ ሰውዬው ኪሳቸውን ዳብሰው ፊታቸው አመድ ሆኗል።

መዝጊያው ሲነሣ ብርሃኑ ዐይኗን ወጋት። አባቷ ራሷን ዳሰሱ። «ልጄን! በገዛ እጄ!» ኋላቸው ግማሽ ፒያሳ ቆሟል። ኢምራንም ደረሰ፣ ጫማውን እያየ። ጋሽ ዐብዱልከሪም ቁልፉን ከቀለበቱ ፈልቅቀው እጇ ላይ አኖሩት።

«ከዛሬ ጀምሮ ይሄ ያንቺ ነው። ማንም አይቆልፍብሽም። ጠዋት አንቺ ትከፍቺዋለሽ፣ ማታ አንቺ ትዘጊዋለሽ።»

ሰዉ አጨበጨበ። «አባባ፣ ሰኞ ሦስት ሰዓት ሬድዮ ጣቢያ...» ብላ ስትጀምር «ሰኞማ ጨርቅ ይገባል» አሏት፣ በፍቅር ዐይን እያዩ። ቁልፉ እጇ ላይ ቀዝቃዛና ከባድ ነበር።

ሰኞ ሁለት ሰዓት ከፈተች። ጠረገች። ጣቃዎቹን ደረደረች። የግድግዳው ሰዓት ሁለት ከአርባ ሲል መዝጊያውን ስባ አወረደችው፣ ቆለፈችና ወደ ጎረቤት ሄደች።

«እትዬ፣ ይቺን ይያዙልኝ። አባባ ሲመጣ ይስጡልኝ።»

እትዬ ሸዋአየሁ መነጽራቸውን ገፋ አደረጉ። «ምነው ልጄ፣ ዛሬ አርብ ነው እንዴ?»

«ሰኞ ነው።»

ቁልፉን አዩት። እሷን አዩዋት። እንደ ልማዳቸው ወጣ ብለው መዝጊያውን ሁለቴ ኳ ኳ አደረጉ።

«ውስጥ ሰው የለም? ረውዳ ወጣች?»

«ወጥታለች» አለች ረውዳ፣ መንገዱን ግማሽ ተሻግራ።