የሽማግሌው ጦር

ሕጉን ያወጡት ራሳቸው ሽማግሌው ረማሂታ ነበሩ። ኦክቶፐሶቹ ተፈልፍለው እስኪደልቡ መንደሩ የሚያጠምድበት የባሕር ዓለት፣ ኮራሉ፣ ይዘጋ፤ ቀድሞ የገባ ሰው ኦክቶፐስ መውጊያ ጦሩ በአደባባይ ይሰበር፤ የሚሰብረውም የገዛ ቤተሰቡ ይሁን ብለው፣ ለሙታን አያቶች ሩም አፍስሰው ማሉ። መንደሩም እሺ አለ። ሴቶቹ ያን ሁሉ ጊዜ በደረቅ ካሳቫ ከረሙ፤ ስንቱን ሆድ ይፍጀው!

ታዲያ ኮራሉ ሊከፈት ጥቂት ቀን ሲቀረው ኦክቶፐስ የሚገዛው ነጋዴ የበረዶ መኪና ቀድሞ ከተፍ አለ። ነጋዴው ሽማግሌውን ምን ብሎ እንዳባበላቸው እንጃ፤ ባሕሩ ሲሸሽ አባባ ረማሂታ ጦራቸውን ይዘው የኮራሉን ጉድጓድ ሲጎረጉሩ መንደሩ በሙሉ አየ። ሁለት ኦክቶፐስ አንጠልጥለው ወጡ። ማን ይናገር?

ዓይን ሁሉ ምራታቸው ሱአቬሉ ላይ አረፈ። ባሏን ባሕር ከወሰደው ወዲህ ከሽማግሌው ጋር የምትኖር እሷ ብቻ ናት። ጦሩን መስበር የእሷ ዕጣ ነው፤ መጠጊያዋም የእሳቸው ጎጆ ነው።

«አባባ፣ ጦሩን ይስጡኝ።»

«አንቺ! ሕጉን ያወጣሁት እኔ ነኝ እኮ!»

«ለዚያ እኮ ነው! እርስዎ ካፈረሱት ማን ያከብረዋል? ነገ ሁሉም ሲገባበት እንቁላል የታቀፈችው ሁሉ ታልቃለች። ከዚያ ምን ልንበላ ነው፣ አሸዋ?»

ነጋዴው ገለፈጠ። «እመቤት፣ ለሁለት ኦክቶፐስ ነው ይሄ ሁሉ?»

«አንተ ዝም በል፤ በረዶህ ይቀልጥብሃል!»

ሴቶቹ ሳቁ። ሽማግሌው አልሳቁም።

«ከሰበርሽው ቤቴ እንዳትደርሺ።»

ሱአቬሉ ሽማግሌውን አየቻቸው። ባሏ የሞተ ጊዜ አብረዋት ያለቀሱ ሰው ናቸው፤ እንደ አባት ትወዳቸዋለች። ቢሆንም ጦሩን ከእጃቸው መንጭቃ ጉልበቷ ላይ ቋ አድርጋ ሰበረችው።

ከዚያማ ድስቷንና ሰሌኗን ከጎጆው አወጣች። የባሕሩ ሰው ቬዞ መንገድ ሲወጣ እንደሚያደርገው፣ የባሏን የታንኳ ሸራ አሸዋው ላይ ወጥራ ድንኳን ማድረግ ጀመረች። ጎረቤቷ ቲናሱአ ምሰሶውን ልትይዝላት ሮጣ መጣች።

«አብደሻል አንቺ ሴትዮ!»

«አዎ አብጃለሁ፤ አጥብቀሽ ያዢ!»

ሽማግሌው ከደጃቸው ሆነው ያያሉ። ድምፃቸው ለስለስ ብሏል። «ልጄ፣ ነፋሱን የት ልትችይው ነው?»

«እችለዋለሁ! ከቤትዎ አስወጥተውኛል፤ ከባሕሩ ግን አያስወጡኝም። እዚሁ ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ፤ የሚገባ ካለ ጦሩን ሊያሰብር ይምጣ፣ እርስዎም ቢሆኑ!»